ተማሪውን ፈተናችሁት፤ ዩኒቨርሲቲውን ማን ይፈትነው?

(ከአጋሮ)

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ አበው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ይኸው ነው። ከየትኛውም የትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠብቅ ተማሪ ሁሉ «የመውጫ ፈተና» የተባለውን ካላለፈ ዲግሪውን አያይም ተባለ። ቀድሞ በሕግና በጤና ሙያዎች ብቻ ይሰጥ የነበረው ፈተና ለሁሉም ሆነ። ውጤቱም ተነገረ። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ናቸው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37 ከመቶ አለፈ፤ ከግሎቹ 17.2 ከመቶ!

ከዚያ ወዲህ በየቡና ቤቱ የምንሰማው ዘፈን አንድ ነው። «የዘንድሮ ልጅ አያነብም፤ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል፤ ይበለው!» ባለሥልጣኖቻችንም «የትምህርት ጥራትን ለማረጋገጥ» የምትለዋን ሐረግ እንደ ዳዊት ይደግሟታል።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰማንያ ዘጠኝ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወድቅ፣ ለመሆኑ የወደቀው ማነው? አንድ ገበሬ ከመቶ ችግኝ አሥሩ ቢደርቅበት ችግኙን ይወቅስ ይሆናል። ስድሳው ሲደርቅበት ግን ጎንበስ ብሎ አፈሩን ያያል። የእኛዎቹ አፈሩን ማየት አይፈልጉም። አፈሩ የእነሱ ነዋ!

ስለ ሁሉም ትምህርት ልናገር አልደፍርም። እኔ አጋሮ ከተማ የምኖር ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ኖራና ጨው፣ አሲድና ቤዝ እያልኩ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ካስተማርኳቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት ኬሚካል ምህንድስና ገብተዋል። ስለዚህ የምናገረው ስለ እነሱ፣ ስለሚተዳደሩበትም ደንብ ነው። ምክንያቱም በዚህ ሙያ ላይ የሚሠራው ግፍ ከሌላው ይልቅ ራቁቱን ይታያል።

አንዱ ብቻ የፈረመበት ውል

እስኪ ከተማሪው የሚጠየቀውን እንቁጠር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይፈተናል። በዚያ ፈተና 50 ከመቶ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ከዚህ ወንፊት ያለፈው ልጅ የት እንደሚማር የሚመድበው ሚኒስቴሩ ነው። ከአጋሮ ተነስቶ የት እንደሚጣል አያውቅም። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ ትምህርት ክፍል ሲደለደል ደግሞ የሚወሰነው በነጥቡና በኮታው ነው። ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ሲመኝ የነበረው ልጅ «ኬሚካል ደርሶሃል» ይባላል። የሠርግ ወጥ ይመስል ደረሰው!

በአምስቱም ዓመት ነጥቡ ይጠበቃል። ሲወርድ ማስጠንቀቂያ፣ አሁንም ሲወርድ ስንብት። የተሰናበተው ዓመት ጠብቆ «ሪአድሚሽን» ብሎ ማመልከቻ ይጽፋል። ለመመረቅ ድምር ነጥቡ ከ2.00 ማነስ የለበትም። አንድ ሴሚስተር ፋብሪካ ወጥቶ መለማመድ አለበት። የመመረቂያ ፕሮጀክት አለበት። ይህን ሁሉ ጨርሶ የመውጫ ፈተናውን ይቀመጣል፤ 49 ካመጣ ዲግሪ የለም። በዚህ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «የወጪ መጋራት» የሚባል ውል አለ። ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ይፈርማል ነው የምላችሁ!

እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ምን ይፈርማል? ሚኒስቴሩስ? «ለዚህ ልጅ ይህን ያህል ሰዓት ላቦራቶሪ አስገባዋለሁ፣ ይህን መሣሪያ በእጁ አስነካዋለሁ፣ ለልምምድ የሚሄድበትን ፋብሪካ አዘጋጅለታለሁ፤ ይህን ካላደረግሁ ዕዳው ይሰረዝለት፣ እኔም ልጠየቅ» የሚል ወረቀት ያያችሁ ካላችሁ አሳዩኝ። እኔ አላየሁም። ገበያ ላይ በሬ የሚሸጥ ሰው እንኳ በሬው ካላረሰ ይመለስበታል። በእኛ አገር የትምህርት ገበያ ግን ሻጩ አይጠየቅም፤ በሬው ካላረሰ የሚገረፈው ገዢው ነው።

ሰማንያ ጊዜ የተለካ፣ አንድ ጊዜ ያልተቆረጠ

እድሜ ይስጠን እንጂ ያላየነው የለም። ምህንድስና አምስት ዓመት ነበር። በ1996 ዓ.ም. «መሰናዶ መጥቷል፣ ፍሬሽማን አያስፈልግም» ተባለና አራት ዓመት ሆነ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «አራት አይበቃም» ተባለና ተመልሶ አምስት ሆነ። ቀጥሎ ኮርሱ ሁሉ ተጠቅልሎ «ሞጁል» ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ «ፍሬሽማን መቅረቱ ስህተት ነበር» ተብሎ የመጀመሪያው ዓመት ተመለሰ። በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ስብሰባ ነበረ፣ አበል ነበረ፣ ጭብጨባ ነበረ። የቀደመው ውሳኔ ስህተት ከነበረ ግን በዚያ ስህተት ውስጥ ያለፉት ልጆች ካሣ የት አለ? የወሰነውስ ሰው ስሙ ማነው? የመውጫ ፈተና የተቀመጠ ፖሊሲ አውጪ አይታችኋል?

የሁሉም እናት ግን በ2000 ዓ.ም. የወጣችው «70 በ30» ናት። መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 ከመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን አለ። ከጠቅላላው 40 ከመቶውም ምህንድስና ይግባ ተባለ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ክፉ አልነበረም። ኢንዱስትሪ እንገነባለን ያለ አገር መሐንዲስ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ታሪክና ሕግ በጠመኔና በመጽሐፍ መማር ይቻል ይሆናል፤ ኬሚካል ምህንድስናን በጠመኔ ማስተማር ዋናን በደረቅ መሬት ላይ ማስተማር ነው። ኮታው በአንድ ፊርማ ወጣ። ላቦራቶሪ ግን በፊርማ አይወጣም። ፓምፑ፣ ቦይለሩ፣ ሙቀት መለዋወጫው፣ ማድረቂያው፣ የዲስቲሌሽኑ ማማ በዶላር ይገዛል፣ በባለሙያ ይገጠማል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። ተማሪው ቀድሞ መጣ፤ ዕቃው በኋላ ይመጣል ተባለ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!

በነጭ ሰሌዳ ላይ የፈላ ውሃ

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ሠርገኞች አንዱ ነበር። የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ አንዱን ጠርቼ ሌሎቹን ንጹሕ ማስመሰል አልፈልግም።

አራተኛ ዓመት ሳለ ለእረፍት መጣና ቡና እየጠጣን ስለ ዲስቲሌሽን ጠየቅሁት። በሰሌዳ ላይ የሚሠራውን ስሌት ጥርት አድርጎ ነገረኝ። በማማው ውስጥ ስንት ደርብ እንደሚያስፈልግ በመስመርና በነጥብ እየሣለ አሳየኝ። ደስ አለኝ። «ጎበዝ! ማማው ትልቅ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አላየሁትም» አለኝ።

«እንዴት አላየኸውም?»

«ዕቃው መጥቷል ይባላል። ከነሳጥኑ መጋዘን ነው። የሚገጥመው ባለሙያ አልመጣም።»

ልጁ ሲገባ በሳጥን ነበር፤ ሲመረቅም በሳጥን ነው። ከቤታችን ሦስት በር አልፎ አረቄ የምታወጣ እናት አለች። እሳቱን ታነዳለች፣ እንፋሎቱን ከእንስራው በመቃ ታሳልፋለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ታጠራቅማለች። እሳቱ ሲበዛ ውሃው አብሮ እንደሚወጣና አረቄው እንደሚደክም ታውቃለች። መጀመሪያ የሚወጣውንና መጨረሻ የሚወጣውን ለይታ ታስቀምጣለች። ዲስቲሌሽን ማለት ይኸው ነው። በአገራችን አረቄ የምታወጣ እናት የነካችውን ነገር መሐንዲሱ ሳይነካ ይመረቃል። ይህን ስናገር እየቀለድኩ አይደለም።

ልምምድ የተላከበትም ፋብሪካ (የእሱንም ስም እተወዋለሁ) «የማሽኑ ክፍል ለተማሪ አይፈቀድም» ብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጆንያ ቆጠረ። ሪፖርቱን ጻፈ፣ ማኅተም ተመታለት፣ ነጥብ ተሰጠው። በመውጫ ፈተናው 47 አመጣ። «ሰነፍ» ተባለ። በሁለተኛው ዙር አለፈ። ምን ተለወጠ? ላቦራቶሪ ገባ እንዴ? ፋብሪካ አየ? የለም። ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ያለፉ ጥያቄዎችን ሸመደደ። ስለዚህ ፈተናው የለካው ምህንድስናውን ነው ወይስ ሽምደዳውን? በኮምፒውተር ላይ ከምርጫዎች አንዱን መጫን ቫልቭ መክፈት አይደለም።

ላቦራቶሪው አጋሮ ነው

አሁን «የድሃ አገር ነን፤ ላቦራቶሪ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ ይኖራል። መልሱን ከቢሮ ሳይሆን ከጓሮዬ ላምጣለት።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በጎማ ምድር ዙሪያዋን ቡና ናት። ድሮ የእኛ ቡና በአብዛኛው ከነልባሱ በፀሐይ ደርቆ «ጅማ 5» እየተባለ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ እየተከሉ ታጥቦ የሚሸጥ ቡና ማዘጋጀት ጀመሩ። ከአጋሮ አካባቢ የሆነው ዱሮሚና የሚባለው ማኅበር በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አገሮች ቡናዎች ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የዓለም ቀማሾች ምስክር ናቸው። ገበሬው ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።

አንድ የመፈልፈያ ጣቢያ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ቀይ እሸት ይመዘናል፤ ከአምስት ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና ይወጣል። ቀሪው የት ሄደ? ይህ ተማሪው «ማቴሪያል ባላንስ» የሚለው የሁለተኛ ዓመት ትምህርቱ ነው። ማሽኑ ገለፈቱን ይልጣል። በፍሬው ላይ የሚቀረው አጣባቂ ሙጫ በገንዳ ውስጥ በጥቃቅን ሕዋሳት ተብላልቶ ይለቃል፤ ስንት ሰዓት? ሌሊቱ ሲቀዘቅዝስ? ይህ የሪአክተር ትምህርት ነው። ከዚያ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል። ከግማሽ በላይ እርጥበት የያዘው ፍሬ ወደ 11 ወይም 12 ከመቶ መውረድ አለበት፤ ከቸኮለ ይሰነጠቃል፣ ከዘገየ ይሻግታል። ይህ የሙቀትና የማስ ትራንስፈር ትምህርት ነው። የአምስት ዓመቱ ትምህርት በአንድ ጥቅምት ወር በዓይን ይታያል!

ቀጥሎ ደግሞ እጣቢው አለ። የጣቢያው ውሃ ስኳርና ሙጫ ተሸክሞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ያንን ስኳር ሲበሉ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃው ይጎመዝዛል፣ ይጠቁራል፣ ይገማል። ዓሣውና ነፍሳቱ ይሞታሉ። ከታች ያለችው እናት በጀሪካን የምትቀዳው ይህንን ነው፤ ከብቱም የሚጠጣው ይህንን ነው። ቡናው ታጥቦ ነጻ, ወንዙ ቆሸሸ። ይህ የእኔ ሐሜት አይደለም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሳቸው በዞኑ ወንዞች ላይ አጥንተው በዓለም መጽሔቶች ላይ አሳትመውታል። መድኃኒቱም የማይታወቅ አይደለም። ውሃ የሚቆጥብ መፈልፈያ አለ። ማጠራቀሚያ ጉድጓድና የቬቲቨር ሣር አለ። ገለፈቱን ብስባሽ ማድረግ ይቻላል። እጣቢውን ባዮጋዝ ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ጣቢያ ልክ የሚያወጣ፣ የሚሠራ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ነው። ያ ሰው ኬሚካል መሐንዲስ ይባላል።

ታዲያ ኬሚካል መሐንዲሱ የት ነው? ሥራ ፈት ሆኖ የመውጫ ፈተና ወረቀቱን አቅፎ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ወንዙ ከታች ይጠቁራል፤ መሐንዲሱ ከላይ ይከሳል። ሁለቱን የሚያገናኝ ደንብ የለም። በዩኒቨርሲቲ ደንብ ላይ ተማሪ የሚቀጣበት አንቀጽ ሞልቷል፤ ተማሪ ከወንዝ ጋር የሚገናኝበት አንቀጽ ግን የለም።

እንደማይቻል የሚነግረን ካለ ታሪክ አለን። የቡና ፍሬ አጥፊ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ሲገባ የጅማው የመልኮ ምርምር ጣቢያ ሰዎች ቢሮ አልተቀመጡም። ወደ መቱ ጫካ ዘልቀው በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዓይነቶችን መረጡ። ዛሬ የአጋሮ ገበሬ 74110 እና 74112 ብሎ በቁጥር የሚጠራቸው ቡናዎች የዚያን ጊዜ ፍሬ ናቸው፤ 74 የምትለው ቁጥር በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡ መሆናቸውን ታሳያለች። በሦስት ዓመት! ያኔ ኮታ አልነበረም፣ «ሞጁል» አልነበረም። ችግሩን ያየ ባለሙያና ባለሙያውን ያመነ ገበሬ ግን ነበሩ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲም ራሱ የዚህ ልምድ ባለቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ሲቋቋም መለያው «ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት» ነበር። የጤና ተማሪው መንደር ወርዶ ሽንት ቤት ይቆጥራል፣ ምንጭ ያጸዳል፣ በሽተኛ ያያል። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። የጤናው ተማሪ ወንዙ ያሳመመውን ሰው ካከመ፣ የኬሚካል ምህንድስናው ተማሪ ወንዙን ራሱን እንዲያክም ማን ከለከለ?

ያዩ ስንት አመጣች?

ከአጋሮ በበደሌ አድርጋችሁ ወደ መቱ ስትወጡ ያዩ የምትባል አገር አለች። እዚያ በድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ይመረታል ተብሎ በ2004 ዓ.ም. ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጠ። በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ይወጣዋል ተባልን። የእኛ ተማሪዎች ሁሉ ዓይናቸው በዚያ ነበር። «ስመረቅ ያዩ እቀጠራለሁ» ያላለኝ ልጅ አልነበረም። በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ፈሰሰ፣ ዓመታት ነጎዱ፣ ፋብሪካው ግን አንድ ከረጢት ዩሪያ ሳያወጣ ቆመ፤ ውሉም ከሜቴክ ተነጠቀ። ገበሬው ማዳበሪያን ከውጭ በዶላር በመጣ ዋጋ እየገዛ ቀረ።

እስቲ ፍረዱ። ኬሚካል ፋብሪካ ገንብቶ የማያውቅ ድርጅት ከአገሪቱ ትልቁ የኬሚካል ፋብሪካ ሲሰጠው የመውጫ ፈተና ቀርቶ የመግቢያ ፈተና ተቀምጧል? የመደበው፣ ያጸደቀው፣ የፈረመው ባለሥልጣን ከ50 በታች አመጣህ ተብሎ ወንበሩ ተከልክሏል? የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ነጥብ ዲግሪው ይያዝበታል፤ በቢሊዮን ብር የወደቀው ግን ይሾማል፣ ይሸለማል፣ ይዛወራል።

አሁን ደግሞ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ይወጣዋል ተብሏል። ይሁንልን፤ አሜን ብያለሁ። ግን ፋብሪካው ሲቆም ማማው ላይ የሚወጣው ማነው? ማማ በሰሌዳ ላይ ብቻ ያየው ልጃችን ነው? ወይስ መሐንዲሱ ከውጭ መጥቶ የእኛ ልጅ በር ይጠብቃል? ዛሬ በየላቦራቶሪው ያላዘጋጀነው ሰው ያን ቀን ከየትም አይመጣም።

የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ

አንደኛ፣ «ፈተናው ባይኖር ይህን ሁሉ ጉድ በምን እናውቀው ነበር?» ይሉኛል። እውነት ነው። እኔም መምህር ነበርኩ፤ ፈተና አልጠላም። የግል ኮሌጆቹ 17.2 ከመቶ ውጤት የገለጠው ገመና ቀላል አይደለም። ግን ገመናው ከታየ በኋላስ? ከመቶ ተማሪ ሰማንያ ሁለቱ የሚወድቅባቸው ኮሌጆች ፈቃድ ሲሰጣቸውና ሲታደስላቸው የኖረው በማን ማኅተም ነው? ቴርሞሜትር ትኩሳት ያሳያል፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ግን ስለ ትኩሳቱ አይገርፉትም። ወደ ምንጩ ይሄዳሉ።

ሁለተኛ፣ «ገንዘብ የለም» ይላሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚታየው ሕንፃ፣ በርና አጥር በምን ተሠራ? በተጨማሪም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ካሽቆለቆለ ወዲህ የሚገባው ተማሪ ቁጥር ቀንሷል። ትናንት «ተማሪው በዛብን» ነበር ምክንያቱ። ዛሬ ተማሪው አንሷል፤ ታዲያ ሳጥኑ ለምን አይከፈትም?

ሦስተኛ፣ «ፋብሪካዎች ተማሪ አይቀበሉም» ይላሉ። ከጅማ በአጋሮ አልፎ በበደሌ መንገድ ላይ ያለውን ቁጠሩ። የቡና ጣቢያዎች አሉ፣ የበደሌ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ አለ። ቢራ መጥመቅና ስኳር ማጣራት ኬሚካል ምህንድስና ካልሆነ ምንድነው? ፋብሪካ ተማሪ እንዲቀበል ግዴታ የሚጥል፣ ለተቀበለውም ግብር የሚያቀልል ደንብ ማውጣት ከመውጫ ፈተና ይከብዳል?

እንግዲህ የምጠይቀው

የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም፤ አራት ነው።

አንድ፦ የመውጫ ፈተና ውጤት በተማሪ ብቻ ሳይሆን በየዩኒቨርሲቲውና በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ በየዓመቱ በይፋ ይውጣ። ልጁን ኬሚካል ምህንድስና የሚልክ አባት የት ስንት እንዳለፈ አይቶ ይምረጥ። ተማሪውም ምደባ ብቻ ሳይሆን ምርጫ ይኑረው።

ሁለት፦ የላቦራቶሪ ልክ ይውጣ። ይህን ያህል የሚሠራ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ክፍል ተማሪ አይመደብለት። የመጋዘን ሳጥን እንደ መሣሪያ አይቆጠር። ተማሪው ሊያገኝ የሚገባውን የላቦራቶሪ ሰዓት ካላገኘ የወጪ መጋራት ዕዳው በዚያው ልክ ይቀነስለት። ውል ከሆነ የሁለት ወገን ይሁን!

ሦስት፦ የመውጫ ፈተናው የእጅ ፈተና ይጨመርበት። ፓምፕ አስነሳ፣ ፍሰት ለካ፣ የእጣቢ ውሃ መርምር ይባል። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሳጥኑን ይከፍታል።

አራት፦ በቡና አገር ያሉ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡናው በሚለቀምበትና በሚታጠብበት ወቅት፣ በመፈልፈያ ጣቢያ ላይ የሚለማመዱበት ጊዜ በሥርዓተ ትምህርቱ ይጻፍ። በአንድ መምህር በጎ ፈቃድ ሳይሆን በደንብ ይሁን። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውም አንድ ወንዝ ማዳን ይሁን። ገበሬው ያበላቸዋል፤ እኔ ዋስ ነኝ። የጎማ ገበሬ እንግዳ ጦሙን አሳድሮ አያውቅም።

ክቡር ሚኒስትር ሆይ! እርስዎ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ ነዎት፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ነበሩ። «ኩረጃ ይቁም» ሲሉ ደግፈንዎታል። ተማሪው ከተማሪ እንዳይኮርጅ አድርገዋል፤ መልካም። ያልተማረበትን ላቦራቶሪ «ተምሯል» ብሎ ትራንስክሪፕት ላይ የሚጽፍ ተቋም ግን እሱም ኮራጅ ነው። እሱንስ ማን ከአዳራሽ ያስወጣዋል?

ወላጆችም ሆይ! ልጃችሁ 47 አመጣ ብላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁት። «ልጄ፣ ላቦራቶሪ ስንት ቀን ገባህ?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ ፊታችሁን ወደ ማን እንደምታጠቁሩ ታውቃላችሁ።

የቡናው ወቅት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይጠቁራል፤ የፈተናው ወቅት በመጣ ቁጥርም ልጆቻችን ይወድቃሉ። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ናቸው፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። መድኃኒቱ እያለ የሚያልቅ ሕዝብ ግን ከሞተ በኋላ የሚያዝንለት አያገኝም። ልብ ያለው ልብ ይበል!